ኬላና ዕውቀት፦ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መጽሐፍና የነፃ ንግድ ክርክር

መግቢያ

በነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ተጽፎ፣ ከደራሲው ሞት በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ለቋንቋው ነው። ከቅኔና ከዜና መዋዕል ልማድ ወጥቶ፣ ረቂቅ ሐሳብን በተራ አማርኛ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ዝርው ጽሑፍ በመሆኑ ለምሳሌነት ይጠቀሳል። በኢኮኖሚ ትምህርት ክፍሎች ግን መጽሐፉ የሚታወቀው በሐሳቡ ነው፤ ደራሲው የነፃ ንግድን አደጋ ቀድመው ያዩ፣ የአገር ውስጥ ምርት ከውጭ ዕቃ እንዲጠበቅ የተሟገቱ ሰው ሆነው ይቀርባሉ። እንግዲህ አንዱ ክፍል ቋንቋውን ይዞ ሐሳቡን፣ ሌላው ሐሳቡን ይዞ ቋንቋውን ትቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ የምሞክረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። አገር በሯን ለውጭ ዕቃ ብትከፍት ምን ታገኛለች፣ ምንስ ታጣለች? ብትዘጋስ? የሚለውን የቆየ ጥያቄ፣ መጽሐፉ ከተጻፈበት ዘመን ታሪክ ጋር አያይዤ እመለከታለሁ። የማቀርበውም መከራከሪያ ይህ ነው፦ ነጋድራስን የበር ዘጊዎች ጠበቃ ብቻ አድርጎ ማንበብ መጽሐፉን በግማሽ ማንበብ ነው። የመጽሐፉ ቁልፍ ቃል «ዕውቀት» እንጂ «ቀረጥ» አይደለም። ለመግባባት ያህል፣ የኢትዮጵያን ጉዳዮች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እጠቅሳለሁ።

1. ስለ ቃላቱ

ከቃላት ልነሣ። ዛሬ «ጉምሩክ» የምንለው ቃል በዐረብኛና በቱርክኛ በኩል የመጣ ነው። ቱርኮች ከግሪክ፣ ግሪኮችም ከላቲን የወሰዱት ሲሆን የላቲኑ ሥር ትርጉሙ «ንግድ» ነበር። ስለዚህ መነገድን ያመለክት የነበረው ቃል ብዙ አገር ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ነጋዴ ቆሞ የሚከፍልበት ደጅ ስም ሆኗል። «ነጋድራስ» የሚለውም ማዕርግ ተመሳሳይ ጉዞ ተጉዟል። ቃሉ የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሲራራ ነጋዴዎችን የሚመራ አለቃ ስም ነበር፤ በኋላ ግን ከነጋዴ ቀረጥ የሚሰበስብ የመንግሥት ሹም ስም ሆነ።

«ኬላ»ም እንዲሁ ነው። ኬላ በአገሪቱ የውጭ ጠረፍ ብቻ የቆመ አልነበረም። ከደቡብና ከምዕራብ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ጭኖ የሚነሣ ነጋዴ ከግዛት ወደ ግዛት ሲሻገር በየመንገዱ ይከፍል ነበር። ይህን ለአፍታ ያዙልኝ፤ ምክንያቱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ የነበረችበት ሁኔታ እንግዳ ነበር፦ የውጭ በሯ በውል ተከፍቶ፣ የውስጥ በሮቿ ግን አልተከፈቱም።

2. ነፃ ንግድ የሰበከችው አገር

ነፃ ንግድን ለዓለም የሰበከችው እንግሊዝ ናት። ነገር ግን ስብከቱ ከመምጣቱ በፊት ያደረገችው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1700 ከሕንድ የሚመጣ አበባ የታተመበት የጥጥ ጨርቅ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች፤ በ1721 ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ያለ ጨርቅ እንዳይለበስ ጭምር በሕግ አገደች። የሸማኔ መሣሪያና ልዩ ልዩ ማሽን ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሕጓም እስከ 1843 ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

የነፃ ንግድ ክርክር የከረረው በእህል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 የወጣው የእህል ሕግ የአገር ውስጥ ስንዴ ዋጋ በኳርተር 80 ሺሊንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ ስንዴ እንዳይሸጥ አገደ። ከዚህ የተጠቀመው ባለርስቱ ነው፤ የተጎዳው ዳቦ ገዝቶ የሚበላው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሕጉ በጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ጊዜ በ1846 ተሻረ። ስለዚህ አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው፣ ነፃ ንግድ በተወለደበት አገር የድኻው ወገን ጥያቄ ሆኖ እንደ ነበረ ነው። ቀረጥን የድኻ ጋሻ፣ ነፃ ንግድን የሀብታም ጦር አድርጎ መመልከት ከዚህ ታሪክ ጋር አይስማማም።

የክርክሩን ንድፈ ሐሳብ ያቆመው ዴቪድ ሪካርዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ምሳሌ አለ። በእንግሊዝ የተወሰነ ጨርቅ ለመሥራት የ100 ሰው የዓመት ሥራ፣ የተወሰነ ወይን ጠጅ ለመጥመቅ የ120 ሰው ሥራ ይጠይቃል። በፖርቱጋል ግን ጨርቁ 90፣ ወይን ጠጁ 80 ሰው ብቻ ይጠይቃል። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ሆኖም ወይን ጠጅ ብቻ ጠምቃ በጨርቅ ብትለውጥ፣ በ90 ሰው ትሠራው የነበረውን ጨርቅ በ80 ሰው ሥራ ታገኛለች። እንግሊዝም በ120 ሰው ትጠምቀው የነበረውን ወይን ጠጅ በ100 ሰው ሥራ ታገኛለች። ሁለቱም አተረፉ።

ይህን የሚቃወም ድምፅ ከጀርመን ተነሣ። ፍሬድሪኽ ሊስት እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ሥራው፣ ገና በፋብሪካ ሥራ የምትጀምር አገር ከጎለመሰች አገር ጋር እኩል ሜዳ ላይ ልትወዳደር እንደማትችልና ለተወሰነ ጊዜ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋት ተከራከረ። ነገር ግን ይኸው ሰው በጀርመን መንግሥታት መካከል የነበረው የውስጥ ቀረጥ እንዲነሣ ከታገሉት አንዱ ነበር፤ የቀረጡ ኅብረትም በ1834 ተቋቋመ። በውስጥ ነፃ ንግድ፣ በውጭ ጥበቃ፤ የሊስት ሐሳብ ይህ ነበር። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ካልኩት የኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ሲተያይ ፍጹም ተቃራኒው ነው።

3. የ1900 ዓ.ም. ውል

ኢትዮጵያ ከዐድዋ ድል በኋላ ከብዙ መንግሥታት ጋር የንግድ ውል ተዋውላለች። በ1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ከአሜሪካ፣ ቀጥሎም ከጀርመንና ከሌሎች ጋር። ከሁሉ የከበደው ግን በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈረንሳዩ መልእክተኛ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ነው። ውሉ ከፈረንሳይ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዕቃው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ለአልኮል መጠጦች ደግሞ 8 በመቶ። የውጭ ዜጎችም በራሳቸው ቆንስል ፊት የሚዳኙበትን መብት ሰጠ። ሌሎቹ መንግሥታት በውላቸው ለማንም የተፈቀደ ጥቅም ለእነርሱም እንዲፈቀድ ቃል አስገብተው ስለ ነበር፣ የአንዱ ጣሪያ የሁሉም ጣሪያ ሆነ።

10 በመቶ ራሱን ችሎ ክፉ ቁጥር አይደለም። ከዚያ ያነሰ ቀረጥ የሚያስከፍሉና የበለጸጉ አገሮች ነበሩ። የነገሩ ክብደት ቁጥሩን ከፍም ዝቅም የማድረግ ሥልጣን ከአገሪቱ እጅ መውጣቱ ላይ ነው። መንግሥት ለሸማኔው የሚያስፈልገውን ፈትል በ2 በመቶ፣ አረቄውን በ40 በመቶ ልቀረጥ ቢል የመጀመሪያውን ይችላል፤ ሁለተኛውን አይችልም። በውሉ ምክንያት መጠጥ ከመጋዝና ከማረሻ ያነሰ ጣሪያ የተሰጠው ዕቃ ሆነ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በ1878 ዓ.ም. ዐድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በምጽዋ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻግረው በጀርመንኛ ተምረዋል። ከተመለሱ በኋላ በመንግሥት ሥራ ላይ ሲቆዩ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነዋል። ድሬዳዋ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. የደረሰባት፣ የጅቡቲ ዕቃ የሚራገፍባት ከተማ ናት። ስለ ንግድ የጻፉት ሰው ዕቃው በዐይናቸው ፊት የሚቆጠር ሹም ነበሩ ማለት ነው። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ገደማ ዐረፉ።

4. የአቡጀዲ ሒሳብ

ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ዕቃ ልውሰድ። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ዋነኞቹ ዕቃዎች አንዱ አቡጀዲ ነበር። ስኪነርንም አዲስ አበባ ድረስ ካመጡት ጉዳዮች አንዱ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር።

አቡጀዲ ሲገባ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ? ለባሹ ተጠቀመ፤ ሸማ ለማሠራት የማይችል ሰው ርካሽ ልብስ አገኘ። መንግሥት ተጠቀመ፤ ቀረጥ ሰበሰበ። የሸማኔውና የፈታይዋ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። ከጨርቁ ጋር የፋብሪካ ፈትልም ይገባ ነበር። ሸማኔው ቀስ በቀስ ድሩን ከዚሁ ከውጭ ፈትል፣ ማጉን ከእጅ ፈትል አድርጎ መሥራት ለመደ። የፋብሪካው ድር ሳይበጠስ የሚወጠር በመሆኑ ሥራውን አቀለለለት። እንግዲህ ሸማኔው በአቡጀዲው ቢጎዳም በፈትሉ ተጠቅሟል። ድሩን ትፈትል የነበረችው ሴት ግን ከሁለቱም ወገን ተገፋች።

አሁን ተቃራኒውን እናስብ። መንግሥት ፈታይዋን ለመጠበቅ በውጭ ፈትል ላይ ከባድ ቀረጥ ቢጥል ሸማኔው ይከስራል። ሸማኔውን ለመጠበቅ አቡጀዲውን ቢቀርጥ ሸማ የማይችለው ድኻ ይራቆታል። «የአገር ውስጥ ምርት» የሚባል አንድ ወገን፣ «የውጭ ዕቃ» የሚባል ሌላ ወገን ብቻ ቢኖር ፍርዱ ቀላል በሆነ። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ባል ሸማኔ፣ ሚስት ፈታይ፣ ልጅ አቡጀዲ ለባሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀረጥ የሚጠብቀውም የሚቆርጠውም በዚያው ቤት ውስጥ ነው።

5. መጽሐፉ የሚለው

የነጋድራስ መከራከሪያ የሚነሣው ከሥራና ከዕውቀት ነው። የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ ነው፤ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ድካም ብዙ ይሠራል፤ የሌለው በብዙ ድካም ጥቂት ይሠራል። ሁለቱ ሲገበያዩ ዐዋቂው የጥቂት ቀን ሥራውን ሰጥቶ ከሌላው የብዙ ቀን ድካም ይቀበላል። መንገድና ባቡር ቢሠራም ዕውቀት ከሌለ ልዩነቱን አያጠበውም፤ የውጩን ዕቃ ወደ ውስጥ፣ የአገሩን ጥሬ ሀብት ወደ ውጭ ያፋጥናል እንጂ። ይህ ሐሳብ በላቲን አሜሪካው ራውል ፕሬቢሽ ስም እ.ኤ.አ. በ1950 ከታወቀው ትንተና ጋር እንደሚቀራረብ የኢኮኖሚ ምሁራን አመልክተዋል።

የቋንቋውን ነገር እዚህ ላይ ማየት ይገባል። ለኢኮኖሚ ጥናት የተለመደ የአማርኛ ቃል ባልነበረበት ጊዜ ደራሲው ከባዕድ ቋንቋ ቃል አልተበደሩም ማለት ይቻላል፤ ሥራ፣ ሀብት፣ ንግድ፣ ዕውቀት የሚሉትን የገበያና የቤት ቃላት ወስደው ትርጉማቸውን አጠበቡ። ውጤቱም አንባቢው ራሱ ሊያሰላው የሚችል ክርክር ነው። «የቀን ሥራ» ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ገበሬ የለምና።

አሁን ከሪካርዶ ጋር እናስተያየው። ሁለቱም የሚቆጥሩት በሰው ድካም ነው። በሪካርዶ ምሳሌም ቢሆን የ100 እንግሊዛዊ ሥራ ከ80 ፖርቱጋላዊ ሥራ ጋር ይለወጣል፤ ልውውጡ እኩል እንዳልሆነ ሪካርዶ አልሸሸገም። እርሱ የሚጠይቀው «እያንዳንዱ ብቻውን ቢሠራ ከሚያገኘው ይልቅ አሁን ይሻለዋልን?» ብሎ ነው፤ መልሱም «አዎን» ነው። ነጋድራስ ግን የሚጠይቁት «ይህ ልውውጥ ሲደጋገም ነገ ማን ምን መሥራት ይችላል?» ብለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዛሬ ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ነገ ችሎታ። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «ከሁለቱ ማን ነው ትክክል?» ብለው ይጠይቁኛል። የምሰጣቸው መልስ ሁለቱም ሒሳባቸውን አልሳቱም፣ ግን የተለያየ ጥያቄ ነው ያሰሉት የሚል ነው። ቡና ሽጦ አቡጀዲ የገዛ ሰው በዚያች ቀን አልተሞኘም። ልጁም የልጅ ልጁም ከቡና በቀር የሚሸጠው ካጣ ግን አንድ ነገር ጎድሏል።

6. የጃፓን ማስረጃ

ደራሲው በ1904 ዓ.ም. አስመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ሥራቸው ጃፓንን በምሳሌነት አንሥተዋል። ይህ ምሳሌ ለክርክራችን ወሳኝ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1858 ከምዕራባውያን ጋር ውል እንድትፈርም ተገደደች፤ በ1866 በተደረገው ስምምነት ደግሞ ቀረጧ በ5 በመቶ ግድም ተወሰነ። ቆንስሎች የራሳቸውን ዜጋ የሚዳኙበት ሥርዓትም ነበረባት። ይህ ከ1900ው የኢትዮጵያ ውል ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲያውም ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ጃፓን ቀረጧን በፈቃዷ የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ያገኘችው በ1911 ነው።

ታዲያ በእነዚያ 45 ዓመታት ውስጥ ምን አደረገች? በቀረጥ መጠበቅ ስላልቻለች በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1872 አጠቃላይ የትምህርት ሕግ አወጣች፤ በዚያው ዓመት የቶሚዮካን የሐር ፋብሪካ ከውጭ ባመጣቻቸው ባለሙያዎች አቋቁማ ሴት ሠራተኞችን አስተማረችበት። በ1880ዎቹ የኦሳካ የጥጥ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ውሉ ሳይቀደድ ሥራው ተሠራ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን አቡጀዲ የአሜሪካኑን ገፍቶ የኢትዮጵያን ገበያ ያዘ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ተመልሰው ስለ አገሪቱ ሲጽፉ፣ የሚጽፉት ጨርቋ ቀድሟት አዲስ አበባ ስለ ደረሰ አገር ነበር።

ይህ ማስረጃ ለበር ዘጊዎችም ለበር ከፋቾችም አይመችም። ለዘጊዎች አይመችም፤ ያለ ከፍተኛ ቀረጥ መነሣት እንደሚቻል ያሳያልና። ለከፋቾችም አይመችም፤ ጃፓን ገበያው ይሥራው ብላ አልተቀመጠችም፣ ሥልጣኑንም እንዳገኘች ቀረጧን ከፍ አድርጋለችና። የሚመቸው ለነጋድራስ ነው። ልዩነቱ ያለው ከቀረጡ ቁጥር ይልቅ ከበሩ በስተጀርባ በተያዘው ትምህርት ላይ ነው።

7. ከመጽሐፉ በኋላ

ከጣልያን ወረራ በኋላ ኢትዮጵያ ቀረጧን ራሷ መወሰን ቻለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በድሬዳዋ፣ በአቃቂ፣ በባሕር ዳር በጥበቃ ሥር አደጉ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሙያና ደመወዝ አገኘ፤ ይህ የጥበቃ እውነተኛ ጥቅም ነው። በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ግን ጥበቃው ከመማር ተለየ። ከፍተኛው የገቢ ዕቃ ቀረጥ 230 በመቶ የደረሰበት፣ የውጭ ምንዛሪ የታነቀበት ዘመን ነበር፤ ማሽኑ አረጀ፣ ገዢው ግን አማራጭ ስላልነበረው የተሰጠውን ገዛ ወይም ወደ ኮንትሮባንድ ዞረ። የተዘጋ በር ሠራተኛውን አስተምሮ ካላስወጣ ዋጋውን የሚከፍለው ለባሹ ነው።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቀረጡ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ1995 ዓ.ም. ከፍተኛው 35 በመቶ ሆነ፤ በዚያው ዓመት አገሪቱ የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ጥያቄዋን አቀረበች። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በዚያ የተሰፋ ልብስ አጎአ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ሠራተኞቹ በብዛት ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የፈታይዋ የልጅ ልጆች ብላቸው ማጋነን አይሆንም። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከዚህ ዕድል ስታስወጣ አንዳንድ ድርጅቶች ለቀው ሄዱ፤ ብዙ ሴቶችም ሥራቸውን አጡ። ክፍት የነበረው የሌላ አገር በር ነው፤ ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ ነበር። የ1900ው ውል የራሳችንን በር ቁልፍ ሲወስድ፣ ይህኛው የሰውን በር እንደ ራሳችን እንድንቆጥር አድርጎናል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር አገኛለሁ። አንደኛ፣ በር መክፈትም መዝጋትም ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ስለዚህ ስለ ቀረጥ በሚነሣ ክርክር ሁሉ ፈታይዋን፣ ሸማኔውንና ለባሹን ለየብቻ መቁጠር ይገባል። ሁለተኛ፣ ከቀረጡ መጠን ይልቅ መጠኑን የመለወጥ ሥልጣን ይበልጣል፤ ሥልጣኑን በውል አሳልፎ የሰጠ፣ ሲጎዳ የሚያስተካክልበት የለውም። ሦስተኛ፣ ጥበቃ ዋጋ የሚኖረው ጊዜ ሲገዛና ያ ጊዜ ለመማር ሲውል ብቻ ነው።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ለተማሪ የሚሰጥ መምህር እንግዲህ «ዕውቀት» የሚለውን ቃል በየገጹ እንዲከታተለው ቢያደርግ መልካም ነው። ቃሉ ሲመላለስ የደራሲው ክርክር ይገለጣል፤ ስለ ኬላ የጻፉት ሁሉ ስለ ትምህርት ቤት ሆኖ ይገኛል። ነጋድራስ በሕይወታቸው ዘመን የአገራቸውን ቀረጥ ከውሉ ጣሪያ በላይ ከፍ ማድረግ የማይቻልበት ሹመት ላይ ተቀምጠው ነበር። ሊያደርጉ የሚችሉት አንድ ነገር ቀረ፦ ነገሩን አንባቢ በሚያውቀው አማርኛ ማስረዳት። ያንን አድርገውታል።